አይፎን ወይስ አንድሮይድ? ሞባይል ቤት ከመግባታችሁ በፊት

አክስቴ የሚኖሩት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ። ዓረብ አገር የምትሠራው ልጃቸው ባለፈው ዓመት አይፎን ላከችላቸው። ዕቃው በሰው በሰው አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን እኔ እጅ ደረሰ። ካርቶኑ ሳይቀር ያምራል። ከፍቼ፣ ሲም አስገብቼ፣ ሁሉን አስተካክዬ መንገደኛ ፈልጌ ላኩላቸው። በሳምንቱ ደወሉልኝ። የደወሉት ግን በጎረቤት ስልክ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሬዲዮ የለውም እንዴ?»

የለውም። ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያም የለውም፤ መዝሙር የተሞላው ሚሞሪያቸው እጃቸው ላይ ቀረ። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። የጎረቤት ቻርጀር አይገባበትም። ስልኩ ግን ምንም አልሆነም፤ ከቤተሰባችን ስልክ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አክስቴ ከስልክ የሚፈልጉትን የሠሪዎቹ ሐሳብ ውስጥ ያስገባው ሰው አልነበረም፣ በቃ። እኔም ሳልጠይቃቸው ነው የላክሁት።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ስልክ ሊገዛ ሲል የማስኬደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ደረጃ 1፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ

ስለ ሞዴል ከማውራታችሁ በፊት ስልኩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚሠራላችሁ ጻፉ። «ጥሩ ካሜራ» ብላችሁ አትጻፉ፤ እሱ የሻጭ ቋንቋ ነው። «የእህቴን ምርቃት አነሣበታለሁ» በሉ። «ፈጣን» አትበሉ። «ቴሌግራም፣ ቲክቶክና የባንክ አፕ እየቀያየርኩ እከፍታለሁ» በሉ።

ከሥሩ አምስት ሰው ጻፉ። በጣም የምትደዋወሉትን፣ ፎቶና ፋይል የምትለዋወጡትን። በእያንዳንዱ ስም ፊት የያዘውን ስልክ አስፍሩ። አምስቱም አንድሮይድ ከያዙ እናንተ ብቻ አይፎን ስትይዙ ምን እንደሚሆን ደረጃ 5 ላይ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ ስክሪኑ ቢሰበር ማን ይሠራዋል? ደብረ ብርሃን ላይ ለቴክኖና ለሳምሰንግ ስክሪን የሚቀይር ብዙ ባለሙያ ታገኛላችሁ። ለአይፎን ደግሞ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስልክ የሌለው ሰው ግን የሚቆጥረው ቀኑን ነው። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ሰው በዚህ ላይ ሌላ መንገድ ይጨምርበታል።

የአክስቴ ወረቀት ኋላ ስንጽፈው ይህን ይመስል ነበር፦ የልጅን ድምፅ መስማት፣ የልጅ ልጅን በቪዲዮ ማየት፣ ሬዲዮ፣ መዝሙር፣ ባትሪ (መብራቱን ማለታቸው ነው)፣ ብር ሲገባ መልእክት። ስድስት ነገር። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጃቸው ልጅ ወረቀት ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ፒዲኤፍ፣ ቪዲዮ መቁረጥ፣ ፎቶና «እስክመረቅ የሚቆይ» ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስልክ መግዛት የለባቸውም።

ደረጃ 2፦ የምትመርጡት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ

ኦፐሬቲንግ ሲስተም (በመጽሐፉ አማርኛ ስርዓተ ክወና) ስልኩን የሚያስነሣው፣ አፕ የሚያስኬደው፣ ምን ይፈቀዳል ምን ይከለከላል የሚለውን የሚወስነው ዋናው ፕሮግራም ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል። ሲምቢያን፣ ብላክቤሪ፣ ዊንዶውስ ፎን ሁሉም አልፈዋል።

አይፎን የወጣው በሰኔ 1999 ነው፤ እኛ ሚሌኒየም ልናከብር ስንዘጋጅ። በላዩ የሚሠራው አይኦኤስ ይባላል፤ ከአፕል ስልክ በቀር የትም አታገኙትም። አንድሮይድን ጎግል በ1997 ገዛው፤ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2001 መጀመሪያ ገበያ ላይ ወጣ። ጎግል ለራሱ ብቻ አልያዘውም፤ ለስልክ አምራቾች ሰጠ። ስለዚህ ሳምሰንግም፣ ቴክኖም፣ ኢንፊኒክስም፣ አይቴልም፣ ሻዎሚም አንድሮይድ ናቸው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አንድሮይድ እንደ ጤፍ ነው፤ ጤፉ አንድ ቢሆንም እንጀራው በየቤቱ ይለያያል። ሳምሰንግ የራሱን ዋን ዩአይ ያለብሰዋል። ቴክኖ ሃይኦኤስ፣ ኢንፊኒክስ ኤክስኦኤስ ይለዋል። (ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን ልጆች ናቸው።) ስለዚህ «አንድሮይድ ስታክ ያደርጋል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የትኛው ብላችሁ ጠይቁት። ባለ 2 ጊጋ ራም (አፕ ሲከፈት የሚሠራበት ጊዜያዊ ቦታ) አይቴልና የዘንድሮ ጋላክሲ ሁለቱም አንድሮይድ ናቸው። የአይፎን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውዱን ስልክ ከርካሽ አንድሮይድ ጋር አነጻጽሮ «አይፎን ይሻላል» ይላል። እህልን በእህል ዋጋ ነው ማነጻጸር።

ሁዋዌ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ከ2011 ግንቦት ወዲህ፣ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት፣ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች የጎግልን አገልግሎቶች ይዘው አይመጡም። ካሜራው ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ፕሌይ ስቶር ከለመዳችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው የምትደነግጡት።

ደረጃ 3፦ አማርኛውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈትኑ

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ቋንቋውን አማርኛ አድርጉት። ሴቲንግ «ቅንብሮች» ይሆናል። ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ያስቃል፤ እኔ ራሴ እንግሊዝኛው ይቀለኛል። ግን ፊደል ቆጥሮ እንግሊዝኛ ላልተማረ ሰው ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው። አይፎን ላይ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ብወርድ አማርኛ የሚል የስልክ ቋንቋ አላገኘሁም። አማርኛ ጽሑፍ ግን በደንብ ያነባል፤ አራት ማዕዘን ሳጥን አያወጣም።

ቀጥሎ ኪቦርድ። ጂቦርድ (የጎግል ኪቦርድ) በአንድሮይድ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት፤ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እደውላለሁ» በቂ ነው። አይፎን ከ2007 መጀመሪያ ወዲህ የሌላ ድርጅት ኪቦርድ ያስገባል። ስለዚህ ስልኩ ውስጥ አማርኛ ባይኖር አፕ ስቶር ላይ ፈልጋችሁ ትጭናላችሁ። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። የሌላ ኪቦርድ ስትጭኑ «ፉል አክሰስ» ይጠይቃል፤ የምትጽፉትን ሊያይ ይችላል ማለት ነው፣ የማታውቁትን አትፍቀዱለት። ሌላው፣ የይለፍ ቃል ስትጽፉ አይፎን የራሱን ኪቦርድ ያመጣል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ለደኅንነት ነው። የአጎቴ ልጅ ተበላሸብኝ ብሎ ጥገና ቤት ወስዶት ነበር።

ለእናትና ለአባት ስልክ የምትገዙ ከሆነ ሦስተኛውን ፈተና አትዝለሉ። ጎግል ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ አማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ጂቦርድ ላይ ማይክሮፎኗን ነክታችሁ ተናገሩ። ኔት ያለው ስልክ ላይ የመንዝን አማርኛ እንኳ አብዛኛውን ይይዛል፤ አክስቴ ሲናገሩ ግማሹን ሲጽፍላቸው «ይሄ ሰላይ ነው» ብለው ነበር። የአይፎኗ ሲሪ አማርኛ አታውቅም።

ደረጃ 4፦ ብሩ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በሁለቱም ይሠራል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ አለ፤ አፑ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ይወርዳል። ኔት ባይኖርም *127# ብሎ መደወል ይቻላል። የንግድ ባንኩ *889# እንዲሁ በባለ ቁልፍ ስልክ ጭምር ይሠራል።

ልዩነቱ ሲስተሙ ሲያረጅ ነው የሚታየው። የባንክ አፖች አሮጌ አንድሮይድና አሮጌ አይኦኤስ አይቀበሉም። ሩት የተደረገ (የሲስተሙ መከላከያ የተከፈተ) ወይም ፍላሽ ተደርጎ ያልታወቀ ሲስተም የተጫነበት ስልክም ብዙ ጊዜ ይገፋሉ። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ከሆነ የባንካችሁን አፕ እዚያው አውርዱና ይከፈት እንደሆነ እዩ። ፒን ግን በሻጩ ዋይፋይና በሻጩ ፊት አታስገቡ።

ደረጃ 5፦ ሲም፣ ሚሞሪ፣ ሬዲዮ፣ ፋይል

እዚህ ጋ ነው የአክስቴ ነገር የተበላሸው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድ።

ሲም። ሳፋሪኮም በ2015 መስከረም ከገባ ወዲህ ሁለት ሲም የያዘ ሰው በዝቷል። ርካሹ አንድሮይድ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሲም ይቀበላል። አብዛኛው አይፎን ግን አንድ የሲም ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ኢ-ሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም) ነው። ይባስ ብሎ ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ጭራሽ ቀዳዳ የላቸውም። ዘመድ ከአሜሪካ «14 ላክሁልህ» ካላችሁ ጎኑን እዩ። የሲም ትሪ ከሌለው ቁጥራችሁን ወደ ኢ-ሲም ማስቀየር አለባችሁ። መጀመሪያ የቴሌ ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁና ነው እሺ የምትሉት።

ሚሞሪ። በየከተማው ሚሞሪ ላይ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም የሚሞላ ቤት አለ። ደብረ ሲና ላይ ምሳ እየበላችሁ ሚሞሪያችሁ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ይህ ኑሮ አይፎን ላይ የለም። አይፎን ሚሞሪ ካርድ ኖሮት አያውቅም፤ 64 ጊጋ ከገዛችሁ 64 ነው እስከ መጨረሻው። ውድ የሆኑ አንድሮይዶችም ቀዳዳውን እየተዉት ነው፤ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚጠፋ ነገር መሆኑ ይገርማል። ትሪውን አስወጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ሬዲዮ። ብዙ ርካሽ አንድሮይድ ኤፍኤም አለው፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ያገለግላል። አይፎን ላይ ኤፍኤም የለም። በኔት መስማት ይቻላል ይሏችኋል። ይቻላል፤ ጥቅሉን የሚገዛው ማን ነው?

ፋይል። አንድሮይድ ለአንድሮይድ በብሉቱዝ፣ በዜንደር፣ በኩዊክ ሼር ይላላካል፤ ኔት አያስፈልግም። አይፎን ለአይፎን በኤርድሮፕ እንደ ጭስ ነው የሚሄደው። ችግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ነው። አይፎን በብሉቱዝ ፎቶ ወደ አንድሮይድ አይልክም። ብዙ ሰው በቴሌግራም ይልከዋል፤ ከጥቅል ይቆረጣል። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችኋቸውን አምስት ሰዎች አሁን እዩአቸው።

አፕም እንዲሁ ነው። አንድሮይድ ላይ አፕ በዜንደር ከጓደኛ መቀበል ይቻላል። ኔት በማይደርስበት ቀበሌ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሌባም በዚሁ በር ነው የሚገባው። በቴሌግራም «የባንክ አዲሱ አፕ» ተብሎ የተላከ ፋይል አትጫኑ፤ የባንክና የብር አፕ ከፕሌይ ስቶር ብቻ። አይፎን ይህን በር ዘግቶታል፤ ከአፕ ስቶር ውጭ እዚህ አገር አፕ አይገባም። አንዳንዱ ይህን እስር ቤት ይለዋል። ለጨዋታ አፍቃሪ ወንድሜ እስር ቤት ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ለሚነካው አባቴ አጥር ነው።

ደረጃ 6፦ ብርዱን፣ ቆላውንና መብራቱን አስቡ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። የስልክ ባትሪ ሊትየም ነው፤ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል። አሮጌ አይፎን ጠዋት 30 በመቶ እያሳየ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። አፕል ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሌሊት መስኮት ላይ አታሳድሩት፤ ጠዋት ከጋቢው ውስጥ፣ ከውስጠኛ ኪስ አውጡት። በረዶ የሆነ ስልክ ቻርጅ ላይ አትሰኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ይሙቅ መጀመሪያ።

ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሚኒባሱ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ያስቀመጣችሁት አይፎን «ቀዝቅዤ ልመለስ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ይዘጋል። አንድሮይዱም ይግላል፤ አንዳንዱ ሳይናገር ይዘገያል፣ ቻርጅ መቀበል ያቆማል። ሁለቱንም ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ።

መብራት በሚጠፋበት ቦታ የባትሪ መጠን ከካሜራ ይበልጣል። ዛሬ ብዙ መካከለኛና ርካሽ አንድሮይድ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይዞ ይመጣል። አይፎን 11 3,110 ነው። አይፎን ባትሪውን ቆጥቦ ይጠቀማል፣ እውነት ነው። ቢሆንም መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ አይፎን የያዘው ሰው ነው ፓወር ባንክ ሲለምን የማየው። ቻርጀሩንም አስቡ፦ እስከ 14 ያሉት አይፎኖች የራሳቸው ላይትኒንግ ገመድ ነው፤ ከአይፎን 15 (መስከረም 2016) ጀምሮ እንደ አንድሮይዱ ታይፕ ሲ ሆኗል። የጎረቤት ቻርጀር የሚያስፈልገው ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ።

ደረጃ 7፦ ስንት ዓመት ይቀረዋል?

ስልክ አንድ ቀን አፕዴት ማግኘት ያቆማል። በማግሥቱ አይሞትም። ቀስ በቀስ ግን አፖች አንድ በአንድ «ስልክህ አሮጌ ነው» ይሉታል።

አይፎን ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። አይፎን 6 አይኦኤስ 12 ላይ ቆሟል። 6ኤስና 7 እስከ 15፣ 8ና ኤክስ እስከ 16፣ ኤክስአርና ኤክስኤስ እስከ 18 ነው የሄዱት። በመስከረም 2018 የወጣው አይኦኤስ 26 (ቁጥሩን ከ18 ወደ 26 ዘለሉት) ከአይፎን 11 ጀምሮ ነው የሚቀበለው። ዋትስአፕ ከ2017 ሚያዝያ ወዲህ ከአይኦኤስ 15.1 በታች አይሠራም። ስለዚህ አይፎን 6 በስንት ይሸጥ ቢሏችሁ ለእኔ መልሱ «አይገዛም» ነው።

አንድሮይድ ላይ የአምራቹ ፈቃድ ነው። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ላይ ይህን የመሰለ ቃል አትጠብቁ፤ አንዳንዱ በተገዛበት ሲስተም ያረጃል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልክ» የሚለውን ክፈቱ፤ የአንድሮይዱን ቁጥርና የደኅንነት ዝመናውን ቀን እዩ። ቀኑ ከሁለት ዓመት በፊት ላይ ከቆመ ስልኩ የተረሳ ነው።

ራሙንም እዚያው እዩ። ካርቶኑ ላይ «16 ጊጋ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍና ከሥሩ 8+8 ይላል። ሁለተኛው 8 እውነተኛ ራም አይደለም፤ ከማስቀመጫው ተበድሮ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ቁጠሩ። የእኔ ምክር ከ4 በታች አትግዙ ነው። አይፎንን ግን በራም ቁጥር አታወዳድሩት፤ በትንሽ ራም ብዙ ይሠራል።

ደረጃ 8፦ ያገለገለ ከሆነ፣ ብር ሳትቆጥሩ

ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። ሲማችሁን፣ ኔት ያለው ሌላ ስልክ (ሆትስፖት ለመክፈት) እና ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ። በቀን ሂዱ። «ቶሎ በል፣ ሌላ ሰው ይፈልገዋል» ካሏችሁ ሌላው ሰው ይውሰደው።

መጀመሪያ *#06# ደውሉ። አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሩ ይወጣል። ከካርቶኑ ጋር፣ ሴቲንግ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩት። አንዱ ከተለየ ዕቃውን መልሱ።

አይፎን ነው ያሏችሁ በእርግጥ አይፎን መሆኑን አረጋግጡ። መልኩን የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን አንድሮይድ የሆኑ አሉ። አፕ ስቶርን ስትነኩት ፕሌይ ስቶር ወይም ያልታወቀ ገጽ ከከፈተ ፎርጅድ ነው። ሴሪያል ቁጥሩንም በራሳችሁ ስልክ የአፕል ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ ሞዴሉን ይነግራችኋል።

ቀጥሎ «ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ «አባውት» ግቡ። «ካሪየር ሎክ» በሚለው ፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ ለውጭ አገር ቴሌ የታሰረ ነው፤ ሲማችሁን አይቀበልም። በአዳዲሶቹ ላይ እዚያው ስክሪኑ ወይም ባትሪው ተቀይሮ እንደሆነ ይናገራል። ባትሪ ውስጥ ደግሞ «ባትሪ ሄልዝ» አለ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። 100 በመቶ የሚል የአራት ዓመት አይፎን ካያችሁም ባትሪው አንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው፤ በምን ዓይነት ባትሪ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድሮይድ ላይ እንዲህ ያለ ግልጽ መረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ደውሉ፤ ብዙዎቹ ላይ የመፈተሻ ገጽ ይከፈትና ስክሪኑን በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ ያሳያችኋል። ነጠብጣብና ጥላ በዚያ ይጋለጣል። በሌሎቹ ላይ አንድ አፕ ምልክት ተጭናችሁ ስክሪኑ ሁሉ ላይ ቀስ እያላችሁ ጎትቱት፤ እጃችሁን የለቀቀበት ቦታ ሞቷል። ደውላችሁ አውሩ፣ ድምፅ ቅዱ፣ ሁለቱንም ካሜራ ክፈቱ፣ ቻርጅ ላይ ሰኩት።

አሁን ዋናው። አይፎን ከ2006 ወዲህ የባለቤቱን አካውንት ሳያውቅ የማይከፈት ቁልፍ አለው። አንድሮይድም ከ2007 ወዲህ ተመሳሳይ አለው። ሌባ እንዲቸገር የተሠራ ነው፤ ተጠንቅቆ ያልገዛ ሰውም አብሮ ይቸገራል። ስለዚህ ሻጩ ፊታችሁ ላይ ይህን ያድርግ፦ አይፎን ከሆነ ከአፕል አካውንቱ «ሳይን አውት» ይበል፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያስገባ። አንድሮይድ ከሆነ የጎግል አካውንቱን ያውጣ። ከዚያ ሁሉን ያጥፋ። ስልኩ እንደ አዲስ ይነሣል። እናንተ በሆትስፖታችሁ አገናኙትና ቋንቋ ከመምረጥ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሂዱ። መሐል ላይ የሌላ ሰው አካውንት ከጠየቀ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። «ቤት ሄጄ በስልክ እልክልሃለሁ» የሚባል የይለፍ ቃል የለም።

ደረጃ 9፦ አካውንቱ በራሳችሁ ስም ይሁን

አዲስ ስልክ ስትገዙ ብዙ ሞባይል ቤቶች «እኛ እናስተካክልላችሁ» ብለው አካውንት ይከፍቱላችኋል። አንድ ቤት ለወንድሜ አይፎን የከፈተው አካውንት ኋላ ሲጣራ ለሌላ ደንበኛም የሰጠው ነበር። ወንድሜ ስልኩ ላይ የማያውቃት ሴት ፎቶ መምጣት ሲጀምር ነው የነቃው። የእሱም ፎቶ እሷ ጋ ሄዶ ነበር ማለት ነው፤ ያንን እስካሁን ማሰብ አይፈልግም።

ራሳችሁ ክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ቤት ውስጥ ደብተር ላይ ጻፉ። የይለፍ ቃሉ ሲጠፋባችሁ መመለሻ የሚሆነውን ቁጥር አሁን በምትጠቀሙበት ስልክ ቁጥር አድርጉት፤ ቁጥር ስትቀይሩ ደግሞ መቀየሩን አትርሱ። አንድሮይድ ላይ የጂሜይል አካውንት፣ አይፎን ላይ የአፕል አካውንት ነው። የጂሜይል አካውንት ሁለቱም ላይ ይሠራል፤ የስም ዝርዝራችሁን እሱ ላይ ብታስቀምጡ ነገ ስልክ ብትቀይሩ አይጠፋም።

በዚያው ዳታ ቆጣቢውን አብሩ። አንድሮይድ ላይ «ዳታ ሴቨር»፣ አይፎን ላይ «ሎው ዳታ ሞድ» ይባላል። አፖች በዋይፋይ ብቻ አፕዴት እንዲያደርጉ አድርጉ። አለዚያ የወር ጥቅላችሁን ስልኩ ራሱ ሌሊት ተኝታችሁ ይበላዋል።

ደረጃ 10፦ መሸጋገር

ቴሌግራም ምንም አያስቸግርም፤ ቁጥራችሁን ስታስገቡ ሁሉም ይመለሳል። ዋትስአፕ ነው የሚያስለቅሰው። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ከሆነ «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የሚባለውን አፕ አንድሮይዱ ላይ ጫኑ። ይህ የሚሠራው አይፎኑ ገና እንደ አዲስ ሲነሣ ብቻ ነው። መጠቀም ጀምራችሁ ኋላ አስታወሳችሁ ማለት እንደገና አጥፍታችሁ መጀመር ነው።

ስም ሲም ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች። አይፎን ከሲም ላይ ስም ያነባል፣ ወደ ሲም ግን አይጽፍም። መጀመሪያ አንድሮይዱ ላይ ወደ ጂሜይል አዛውሩት። አሮጌውን ስልክ ደግሞ ለሁለት ሳምንት አትሽጡት፤ የረሳችሁት ነገር በእነዚህ ቀናት ነው የሚታወሳችሁ።

የአክስቴን አይፎን ለልጅ ልጃቸው ሰጠነው። ልጃቸውን አስቀድመን ጠይቀን ነው፤ ቅር እንዳይላት። ለእሳቸው ሁለት ሲም፣ ሚሞሪና ሬዲዮ ያለው፣ 4 ጊጋ ራም የሆነ አንድሮይድ ገዛሁ። አማርኛ አደረግሁት። የቪዲዮ መደወያውን አፕ መጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻውን አስቀመጥሁ። ሌላውን ሁሉ ደበቅሁ።

በሳምንቱ እንደገና ደወሉ። በራሳቸው ስልክ።

«ይሄኛውስ ሰዓቱ ተሳስቷል።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ስልኩ ሰባት ይላል። አማርኛ አድርጌው እንኳ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። አንድ ጎረቤት ሊረዳቸው ብሎ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶላቸው ነበር። እንደዚህ አታድርጉ። የመልእክት ሰዓት ይዘባረቃል፤ አንዳንድ አፕም የስልክህ ቀን ትክክል አይደለም ብሎ ይዘጋል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱና ፕሌይ ስቶር ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ዊጅት (መነሻ ገጹ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሳያ) አውርዱ፤ መነሻ ገጹ ላይ ጣቱን ጫን አድርጎ ይዞ «ዊጅት» የሚለውን መምረጥ ነው። አይፎን ላይም አሠራሩ እንዲሁ ነው። ለአክስቴ በስልክ እየመራሁ 20 ደቂቃ ፈጀብን፤ አስራ አምስቱ «ጫን አድርገው ይያዙት» የሚለው ላይ ነው ያለቀው።